ጥቅሙ ቤቱ ሲቆይ ነው፦ በጎጃም ከዛፍ፣ ከቀርከሃና ከጭድ ቤት ለምትሠሩ

አናጢ ነኝ። የምሠራው ከዳንግላ እስከ እንጅባራ፣ አንዳንዴም ወደ ቡሬ ወረድ ብዬ ነው። ሙያውን ያስተማረኝ አጎቴ ነው። እሱ ደግሞ ሣር ቤት በመክደን የታወቀ ሰው ነበር። ዛሬ ዛሬ ደንበኞቼ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ገንዘብ ስላጠረው በእንጨትና በጭቃ የሚሠራ ነው። ሁለተኛው ከከተማ መጥቶ «ለአካባቢ የሚስማማ ቤት እፈልጋለሁ» የሚል ነው። ለሁለቱም የምሠራው ቤት አንድ ነው። የምነግራቸውም አንድ ነው፦ ቤቱ ካልቆየ ለአካባቢም ለኪስም የሚተርፍ ነገር የለም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዛፍ ሲያድግ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል። ካርቦኑን ግንዱ ውስጥ ያስቀራል። በደንብ የደረቀ እንጨት ግማሽ ያህሉ ክብደቱ ካርቦን ነው። ስለዚህ 100 ኪሎ ደረቅ እንጨት 180 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ላይ አንሥቷል። ጋዙ ከእንጨቱ በልጦ የሚመዝነው ኦክስጅንም ስላለበት ነው፤ አትደናገሩ። ያ እንጨት ግድግዳ ውስጥ እስከቆመ ድረስ ካርቦኑ እዚያው ይቀመጣል። ሲበሰብስ፣ ምስጥ ሲበላው ወይም ምድጃ ሲገባ ወደ አየር ይመለሳል።

ሲሚንቶ ታሪኩ ሌላ ነው። የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይጋገራል። ለዚህ የሚነደው ነዳጅ አንድ ነገር ነው። ግን ድንጋዩ ራሱም ጋዝ ያወጣል። ከ100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበናል። ምድጃውን በፀሐይ ኃይል ብታሞቁት እንኳ ይህ አይቀርም። ከሙገር የሚመጣው ሲሚንቶ ደግሞ በከባድ መኪና የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው።

ይህን ስል ሲሚንቶ ጠላቴ ነው ማለቴ አይደለም። ቆርቆሮንም አልጠላም። ሁለቱንም ስንት ቦታ ላይ እንደምንጠቀምባቸው ነው ነገሩ። ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ምን ዓይነት እንጨት?

ድሮ አጎቴ ምሰሶ ሲያቆም ወይራ ወይም ጥድ ነበር የሚፈልገው። ልክ ነበር፤ ሁለቱም መሬት ውስጥ ይቆያሉ። ዛሬ ግን እነዚህን ዛፎች ለቤት ብሎ መቁረጥ ነውር ነው ባይ ነኝ። ጎጃም ላይ አገር በቀል ዛፍ በብዛት የቀረው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያደገ ጥድ ቆርጣችሁ «አረንጓዴ ቤት ሠራሁ» ብትሉ ማንን ታታልላላችሁ? ከፈረሰ አሮጌ ቤት የተገኘ የጥድ ምሰሶ ካለ ግን ይዛችሁ አምጡት። ቆንጆ ዕቃ ነው።

ስለዚህ የምንሠራው በባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የገባ ዛፍ ነው፤ ስንት ዓይነት ወቀሳ ይወርድበታል። ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሰብል አያበቅልም። እውነት ነው። ምንጭ ዳር የተተከለውን ስታዩ ያናድዳል። ግን ቶሎ ይደርሳል፣ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ለአገር በቀሉ ዛፍም እፎይታ ሰጥቶታል። ችግሩ የሚተከልበት ቦታ ላይ ነው። ሁለት ዓይነት እናገኛለን። ነጭ ባሕር ዛፍ ደጋው ላይ የሚበዛው ነው። ቀይ ባሕር ዛፍ ወደ ወይና ደጋና ቆላ ይበዛል፤ መበስበስንም የበለጠ ይችላል። ከተገኘ ለቋሚ ቀዩን፣ ለማገርና ለጣራ ነጩን እመርጣለሁ።

ፋግታ ለኮማ በኩል ደግሞ ደከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት አለ። ገበሬው ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፤ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ዛፉ ያድጋል። አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ይቆረጥና ከሰል ይሆናል። ከዚያ መሬቱ ተመልሶ ይታረሳል። ለተጎዳ መሬት ጥሩ ነው፤ ናይትሮጅን ይጨምራል። ግን ከሰል የሆነ ደከረንስ ያጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ክረምት ይለቀዋል። ከዚያው ማሳ ቀጥ ቀጥ ያለውን መርጣችሁ ማገር ብታደርጉት ካርቦኑ ቤታችሁ ውስጥ ይቀመጣል። መሬት እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ፤ መሬት ውስጥ አይበረክትም።

አቆራረጡ ላይ ሰው ይቸኩላል። እንጨት የሚቆረጠው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ነው። ቅርፊቱ የዚያኑ ሰሞን ይላጥ፤ ነቀዝ የሚራባው ከቅርፊቱ ሥር ነው። ከዚያ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ በየመሐሉ ቀጭን እንጨት እያጋደማችሁ፣ ጥላ ውስጥ ደርድሩት። ፀሐይ ላይ ከተዋችሁት ባሕር ዛፍ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃልም። ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ይድረቅ። እርጥብ አጠና ገዝቶ በማግስቱ ቤት ማቆም የተለመደ ነው። ያ ቤት ሲደርቅ ግድግዳው ሁሉ ይከፈታል፤ በሩም አይዘጋም።

ቀርከሃ

አዊ ላይ ቀርከሃን የማያውቅ የለም። አጥሩም፣ ቅርጫቱም፣ ወንበሩም እሱ ነው። በኮሶበር መንገድ ዳር ሲሸጥ አይታችሁ ይሆናል። ለቤት ግን አንዳንዱ ሰው ይንቀዋል፤ «ቀርከሃ በዓመቱ ይነቅዛል» ይላል። በተሳሳተ ጊዜ የተቆረጠ ለጋ ቀርከሃ ከሆነ አዎ ይነቅዛል።

የደጋ ቀርከሃ ሙሉ ቁመቱን የሚያገኘው በአንድ ወቅት ነው። በክረምት ይወጣል፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመንድጎ ያበቃል። ከዚያ በኋላ አይረዝምም፤ የሚጠነክረው ግድግዳው ነው። ለግንባታ የሚሆነው ሦስት ዓመት የሞላው ነው። ዕድሜውን በዓይን መለየት ይቻላል። ለጋው ብሩህ አረንጓዴ ነው፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አለበት፣ ሽፋኑም ከአንጓው ላይ ገና አልረገፈም። የደረሰው ደብዘዝ ይላል፣ ላዩ ላይ ሽበት ያወጣል። በቢላ ጀርባ መታ ስታደርጉት ለጋው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፤ የደረሰው ጥርት አድርጎ ይጮኻል።

ክረምት ላይ አትቁረጡ። አዲሱ ቀርከሃ የሚወጣው ያኔ ነው፤ ስትረግጡት ይሞታል። ውስጡም ስኳርና ስታርች ይበዛበታል፤ ነቀዝ የሚፈልገው ያንን ነው። በበጋ፣ ከመሬት ብዙም ሳትርቁ፣ ከአንጓው ጥግ አድርጋችሁ ቁረጡ። ከአንጓው በላይ ረዘም ያለ ጉቶ ከተዋችሁ ክረምት ላይ ውሃ ያቁርበታል፤ ሥሩም ይበሰብሳል። ቁጥቋጦውን ሙልጭ አድርጋችሁ አትጨርሱት። የደረሰውን እየመረጣችሁ አውጡ፣ ለጋውን ተዉት። እንዲህ ሲሆን ሥሩ ከመሬቱ አይለቅም፤ ገደሉንም እንደያዘ ይቆያል። ዛፍ ተቆርጦ መሬቱ ራቁቱን ከሚቀርበት ጋር አይወዳደርም።

ከዚያ ስታርቹን ማውጣት ነው። አሮጌው መንገድ ቀርከሃውን ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ ድንጋይ ጭኖ ለሳምንታት መዘፍዘፍ ነው። ገንዘብ አያስወጣም። ውሃው ግን ይሸታል፤ ሰው ከሚቀዳበት በላይ አትዘፍዝፉ። ሁለተኛው መንገድ ቦራክስና ቦሪክ አሲድ የሚባሉት ቦሮን ያለባቸው ዱቄቶች ናቸው። በ100 ሊትር ውሃ 3 ኪሎ ቦራክስና 2 ኪሎ ቦሪክ አሲድ ይሟሟል። ቀርከሃውን ለማገር ሰንጥቃችሁ ከሆነ ጥቂት ቀን በቂ ነው። ሙሉውን የምትነክሩ ከሆነ የውስጡን አንጓዎች በረጅም ብረት ብሱት፤ አለበለዚያ ውሃው አይገባም። ከዚያ አንድ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ልጆችና ከብት እንዳይጠጡት ጋኑን ክደኑት። የተረፈውን ማሳ ወይም ምንጭ ላይ አትድፉ፤ ቦሮን ሲበዛ ተክል ይገድላል። ይህ መድኃኒት በዝናብ ስለሚታጠብ ለቤት ውስጥ እንጂ ለአጥር አይሆንም።

አጎቴ ይህን ሁሉ ቢሰማ ይስቅ ነበር። በእሱ ጊዜ ምድጃው ቤቱ መሐል ነበር፤ ጣራውም ቀርከሃውም በጢስ ጠቁሮ ነቀዝ አይደፍረውም። ግን ያ ጢስ የእናቶቻችንንም ዓይንና ሳንባ ጨርሷል። ማድ ቤቱን ለይተን እንሥራ፤ ለነቀዙ ቦራክሱ ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ እባካችሁ ተዉ፤ የተቃጠለ የመኪና ዘይት። ቋሚውን ዘይት ነክሮ መትከል በየቦታው ይታያል። ዘይቱ በየክረምቱ እየታጠበ አፈሩ ውስጥ ይገባል። ጓሮአችሁ ውስጥ ጎመን ትተክላላችሁ፣ ከታችም የሚቀዳ ውሃ አለ።

እንጨቱ መሬት አይንካ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። የእኛ አካባቢ የጭቃ ቤት የሚወድቀው ከታች ነው። ቋሚው ጉድጓድ ተቆፍሮለት አፈር ውስጥ ይተከላል። አፈሩ ክረምቱን በሙሉ እርጥብ ነው። ጥቂት ዓመት ሲቆይ ላዩ ደህና ሆኖ ሥሩ ተበልቶ ያልቃል። ደጋው ላይ ብስባሴው ይብሳል፤ ወደ ዓባይ ሸለቆ ስትወርዱ ምስጡ ይጨመርበታል።

ሲሚንቶውን የምናውለው እዚህ ላይ ነው። ጠንካራው አፈር እስኪገኝ ቆፍራችሁ በጥቁር ድንጋይ መሠረት አውጡ። ከመሬት በላይ ቢያንስ ጉልበት ድረስ ይምጣ። ዋልካ አፈር ላይ ከሆናችሁ ዋልካውን ጨርሳችሁ አውጡት፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ከላዩ ያለውን ሁሉ ይዞ ይነቃነቃል። ድንጋዩ በሲሚንቶ ከታሠረ በኋላ ላዩ ላይ ዙሪያውን ላሜራ አንጥፉ። ላሜራው ከድንጋዩ ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብሎ ወደ ታች ይታጠፍ። ምስጥ በዚያ ለማለፍ ውጭ ውጭውን የአፈር መንገድ መሥራት አለበት፤ ያኔ ታዩትና ትጠርጉታላችሁ። ከላሜራው በላይ ወፍራም አግዳሚ እንጨት ይተኛል። ከመሠረቱ ውስጥ ቀድማችሁ ባቆማችሁት ፌሮ ይታሰር። ቋሚዎቹ በሙሉ የሚቆሙት በዚህ አግዳሚ ላይ ነው።

እንዲህ የተሠራ ቤት ቋሚው መሬት ስላልያዘው በነፋስ መገፋት ይችላል። ስለዚህ በየማእዘኑ ሰያፍ እንጨት አስገቡ። ብዙ ሠራተኛ ይህን ይዘላል። ቆማችሁ አስገቡት።

ቋሚዎቹ በቱንቢ ይስተካከሉ። ማገሩ ከውስጥም ከውጭም ይመታል፤ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ከሆነ ጎድጎድ ያለው የውስጥ ጎኑ ጭቃው ወደሚመረግበት ይሁን፣ ጭቃው በደንብ ይይዘዋል። ደረቅ ባሕር ዛፍ ሚስማር ያጥፋል፤ ቀርከሃ ደግሞ በሚስማር ይሰነጠቃል። ለቀርከሃው ልጥ ወይም ሽቦ ይሻላል።

ጭቃው

ጭቃ ማቡካት የሚናቅ ሥራ ይመስላል። ቤቱ ግን የሚቆመው በእሱ ነው። መጀመሪያ አፈሩን ፈትኑ። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን በአፈር ሙሉት፣ ውሃ ጨምሩ፣ ቁንጥር ጨው ጣል አድርጉና በደንብ ናጡት። አሸዋው ወዲያው ይወርዳል፤ ከእሱ በላይ ደለሉ፣ በማግስቱ ደግሞ ከላይ የሸክላው ንጣፍ ይታያል። ሸክላው ከጠቅላላው ሩብ እስከ ሲሶ ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ ከበለጠ አሸዋ ጨምሩ። ዋልካን ለግድግዳ አታስቡት። ቀዩ አፈር ይሻላል።

ከዚያ ጭዱ። ለዚህ ሥራ የጤፍ ጭድን የሚያህል አላየሁም። ቀጭን ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ጭቃው ውስጥ እንደ ፀጉር ይሰራጫል። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ጭዱ ስንጥቁን ከሁለት ወገን ይዞ አንዱን ትልቅ ስንጥቅ ወደ ብዙ ጥቃቅን ይከፋፍለዋል። ውሃም ሲወርድበት አፈሩን ይዞ ያቆየዋል። ችግሩ የጤፍ ጭድ ለከብትም የሚወደደው መኖ መሆኑ ነው። በጋው አጋማሽ ላይ ዋጋው ሰማይ ይነካል። ስለዚህ አውድማው እንደተነሣ ግዙ። ከብት የማይበላው ዝናብ የነካው ጭድ ካለ እሱን ለግድግዳ፣ ደህናውን ለበሬ። ወደ ጮቄ አካባቢ የገብስ ገለባ ይቀላል፤ ሸካራና ረጅም ስለሆነ ቆራርጣችሁ አስገቡት።

ልኬቱን በባሬላ ነው የምናውቀው። ለአንድ ባሬላ አፈር ግማሽ ባሬላ ያህል ጭድ፣ ሳይጠቀጠቅ። በእግር ይረገጣል። ከዚያ ይቦካል። አንድ ሳምንት ዝቅተኛው ነው፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆይ ይመረጣል። በየሁለት ቀኑ ውሃ እየጨመራችሁ አገላብጡት። ይሸታል፤ ጎረቤት ሊያማርር ይችላል። ጭዱ ሲለሰልስና ጭቃው እጅ ላይ ሲለጠጥ ደርሷል። ኳስ አድርጋችሁ ከደረት ላይ ጣሉት፤ ከተበተነ ሸክላ ያንሰዋል፣ እንደ እንጀራ ከተዘረጋ ውሃ በዝቶበታል።

መምረጉ በወንፈል ቢሆን ጥሩ ነው። አንድ ግድግዳ በአንድ ቀን ከውስጥም ከውጭም ቢመረግ ሁለቱ ጭቃ መሐል ላይ ይያያዛል። የመጀመሪያው ዙር ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ ይሰነጠቅ። አትደንግጡ። ከዚያ ግድግዳውን ውሃ ረጭታችሁ ሁለተኛውን ምረጉ። የመጨረሻው ልስን በወንፊት የተነፋ አፈር፣ ደቃቅ ጭድና እበት ነው። እበቱ ያልተፈጨ ሣር ስላለበት ደቃቅ ክር ይሆናል፤ ሲደርቅ ሽታ የለውም። ላዩን ኖራ ብትቀቡት ነጭና ንጹሕ ነው።

ሥራው በሙሉ ከመጋቢት ተጀምሮ ግንቦት ሳይጋመስ ማለቅ አለበት። አዊ ላይ ዝናቡ ቶሎ ነው የሚጀምረው። ጣራውም ከምርጊቱ በፊት ይከደን።

አሁን የሲሚንቶ ልስን ነገር። አንዲት ደንበኛዬ ግድግዳቸው ሲያልቅ ጠርተው፦

«ልጄ፣ ላዩን በሲሚንቶ አልብስልኝ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ጭቃውና ሲሚንቶው አይስማሙም» አልኋቸው።

«ምነው፣ የእኔ ቤት ከጎረቤት ያንሳል?»

ጎረቤታቸው ጋ ሄደን የልስኑን ጫፍ በጣቴ ሳንኳኳው ባዶ ጣሳ መሰለ። ከግድግዳው ተላቆ ነበር። ጭቃ እርጥበት ይጠጣል፣ መልሶም ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ያፍነዋል። በስንጥቅ የገባ ውሃ መውጫ ያጣል፤ ውስጥ ያለው እንጨት በዝምታ ይበሰብሳል። እሳቸው በኖራ ቀቡ። ለሊሾው ግን አልተሸነፉልኝም፤ ወለሉን በሲሚንቶ አስደረጉ። እሱ ይሁን፤ መጥረግ ይቀላል። መታጠቢያ ቤትም ከፈለጋችሁ እሱን ብቻ በብሎኬት ለይታችሁ ሥሩ። ጭቃና ሻወር አይኖሩም።

ጣራ

ሣር ክዳን እወዳለሁ። ሰንበሌጥ በደንብ ከተከደነ ክረምት ይሞቃል፣ በጋ ይቀዘቅዛል። ግን ሰንበሌጡ የት አለ? የግጦሽ መሬቱ ታርሷል። ደህና አድርጎ የሚከድን ባለሙያም አርጅቷል። እሳትም አለ፤ ቤቶች በተጠጋጉበት ከተማ ሣር ክዳን አልመክርም። ከቦታው የራቀ፣ ሰፊ ግቢ ያለው፣ ሰንበሌጥ የሚያበቅል ዳገት ያለው ሰው ግን ይሞክረው። ተዳፋቱ በጣም ቀጥ ያለ ይሁን፤ ለጥ ያለ ሣር ቤት ውሃ ይዞ ይበሰብሳል።

ለቀሪው ሰው ቆርቆሮ። ልዩነቱን የሚያመጣው ጣራው ከግድግዳው ምን ያህል አልፎ እንደሚወጣ ነው። ቆርቆሮ ለመቆጠብ ብለው አንድ ክንድ እንኳ አያሳልፉትም። ዝናቡ ከነፋስ ጋር መጥቶ ግድግዳውን ይገርፈዋል። ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ይውጣ፤ ነፋስ በሚመጣበት በኩል በረንዳ ቢሆን ይመረጣል። ዘጌ ሄዳችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ካያችሁ ሥዕል ያለበት የመቅደሱ ግድግዳ መሐል ላይ ነው፤ ዙሪያውን ሌላ ግድግዳና ሰፊ ጣራ ከልለውታል። ዝናብ አያገኘውም። አሸንዳም አድርጉ፤ ውሃውን በርሜል ውስጥ ታጠራቅማላችሁ፣ ከጣራ የሚንጠባጠበውም የግድግዳውን ግርጌ አይበላውም።

ቆርቆሮ ብቻውን ቀን ያነድዳል፣ ሌሊት ያበርዳል፣ ሲዘንብ ጆሮ ያደነቁራል። ከሥሩ የቀርከሃ ኮርኒስ አስገቡ። ቀርከሃው ተሰንጥቆ፣ ተረግጦ፣ እንደ ምንጣፍ ይጠለፋል። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሐል አየር የሚመላለስበት ክፍተት ተዉ፤ በሁለቱም ጫፍ ወፍና አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ይደረግ። ማዳበሪያ ከረጢት ወጥሮ ኮርኒስ ማድረግ ርካሽ ነው፤ ግን ይቀደዳል፣ አቧራ ይጥላል፣ ሲጣል አይበሰብስም። የመብራት ገመድ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ እንጂ በቀርከሃው ላይ እንዲሁ አይዘርጋ።

ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ መሠረት ከመቆፈራችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ። አንዳንድ ቀጠና ላይ በእንጨትና በጭቃ መሥራት አይፈቀድም። ፎቅ ካሰባችሁም እኔን ሳይሆን መሐንዲስ ፈልጉ።

ከተሠራ በኋላ

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ቤቱን ዙሩት። የተሰነጠቀ ልስን ካለ ያንኑ አፈር፣ ጭድና እበት አቡክታችሁ ድፈኑ። ላሜራው ላይ የምስጥ የአፈር መንገድ ካያችሁ ጥረጉት፣ የመጣበትንም ፈልጉ። የጎርፍ ቦዩን ክፈቱ። ግድግዳው ሥር አበባ ተክሎ ውሃ ማጠጣት ደስ ይላል፤ ግን ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ትከሉ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የቆረጣችሁትን ዛፍ መተካትም የቤቱ ሥራ አካል ነው፤ ካልተተካ ሒሳቡ ይዛባል። ባሕር ዛፍ ከሆነ አዲስ መትከል ላያስፈልግ ይችላል። ጉቶውን ከመሬት አንድ ስንዝር ሳይሞላ፣ በመጋዝ፣ ውሃ እንዳያቁር ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡት። ቅርፊቱ ከጉቶው ከተላቀቀ ቡቃያው በነፋስ ይገነጠላል፤ ለዚህ ነው ከመጥረቢያ መጋዝ የሚሻለው። ብዙ ቡቃያ ያወጣል። ሰው የሚያህል ቁመት ሲደርስ ጠንካራውን ሁለት ወይም ሦስት ትታችሁ ሌላውን አንሡ። የሚተርፈው ለማገዶ ይሆናል። ምንጭ ዳር ያለ ጉቶ ከሆነ ግን ቡቃያውን በሙሉ እያነሣችሁ አድክሙት፤ በቦታው ቀርከሃ ትከሉበት።